የኪቦርዱ ልጅ ስሙ ማን ነው?

የበዓል ኮንሰርት ፖስተር አሠራሩ የታወቀ ነው። ከላይ የዘፋኞቹ ፎቶ በትልቁ፣ መሃል ላይ ቀኑና አዳራሹ፣ ከሥር የስፖንሰሮቹ አርማ በረድፍ፣ ጥግ ላይ የመግቢያ ዋጋ፤ መደበኛ ይህን ያህል፣ ቪአይፒ ይህን ያህል። ባንዱ ዕድለኛ ከሆነ በአንዲት መስመር ይጠቀሳል። ባንዱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ስም የላቸውም።

ምሽቱ ላይ ከዘፋኙ ጀርባ ሁለት ኪቦርድ ደራርቦ ጎንበስ ብሎ የሚታይ ወጣት አለ። የዘፈኑን መግቢያ የሚጫወተው እሱ ነው። ትራምፔት ነፊ ካልተቀጠረ ትራምፔቱም እሱ ነው። ማሲንቆ ተጫዋች ካልተጠራ ማሲንቆውም እሱ ነው። ዋሽንቱም ቫዮሊኑም ከእሱ ጣት ይወጣሉ። ዘፋኙ ግጥም ቢጠፋበት ዜማውን አንድ ዙር ጨምሮ አዙሮ ፋታ የሚሰጠው እሱ ነው። በመጨረሻ «ለባንዱ ጭብጨባ!» ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ መብራቱ ይበራል። ወደ ቤቱ ከሚሄደው ሕዝብ መካከል ያን ልጅ በስሙ የሚያውቅ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

ጉዳዩ የአንድ ልጅ ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላነጋገረ። ነገር ግን የአገሪቱ የ1960ዎቹ ሙዚቃ ባለቤቶች የሚባሉት ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት 80ዎቹ ውስጥ ናቸው። የሚያውቁት ነገር አብዛኛው በኖታ አልተጻፈም። በሥራ ቀን ወደ መድረክ አይወጡም። የሚወጡት በበዓል ነው። ትልቁ አዳራሽ፣ ሙሉው ባንድ፣ በጀቱ፣ ሕዝቡ አንድ ላይ የሚገኘው በዚያች ሌሊት ነው። ስለዚህ ከእነሱ ጎን በዚያች ሌሊት ማን ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ፣ ያ ዕውቀት ለማን ይተላለፋል ከሚለው ጥያቄ ጋር አንድ ነው። አንድ ወጣት የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች፣ በስሙ ተጠርቶ፣ በእውነተኛ ፒያኖ ላይ ከአንጋፋዎቹ ጎን ይቀመጥ ማለት ለልጁ ውለታ መዋል አይደለም።

በጥር 2017 መጀመሪያ፣ ገና ባለፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጋሽ ማህሙድ አህመድ በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርታቸውን አቀረቡ። ዕድሜያቸው 83 ነበር። ስለዚያ ምሽት ብዙ ተብሏል፣ ብዙ ተለቅሷልም። እዚህ ላይ ማስታወስ የሚያስፈልገው ግን የመጨረሻውን ምሽት ሳይሆን የመጀመሪያውን ነው። እ.ኤ.አ. 1962 ማህሙድ አዲስ አበባ ውስጥ አሪዞና በሚባል የምሽት ክለብ የተገኘውን ሥራ ሁሉ የሚሠራ ወጣት ነበር። ክለቡ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ የሚጫወቱበት ቤት ነው። አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ቀሩ። ልጁ «እኔ ልዝፈን» አለ። ፈቀዱለት። ብዙም ሳይቆይ የክብር ዘበኛ ባንድ አባል ሆነ።

ታሪኩ ሲነገር ሁልጊዜ የሚወደሰው የማህሙድ ድፍረት ነው። ድፍረቱስ ይሁን። የተረሱት ግን እነዚያ ሙዚቀኞች ናቸው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ አሉ ከሚባሉት መካከል ነበሩ፤ መሣሪያቸውን አንግበው «ዛሬ ዘፋኝ የለም» ብለው ቤታቸው መግባት ይችሉ ነበር። አንድ የክለብ ሠራተኛ ልጅ ከፊታቸው ቆሞ ሲዘፍን ማጀባቸው፣ ቢሳሳት ሊያነሱት መዘጋጀታቸው፣ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከ60 ዓመት በላይ የተጠቀመበትን ድምፅ ሰጠ። ለዚያ ምሽት ግን ዘፋኝ መቅረት ነበረበት። ዛሬም የወጣቱ ዕድል አንድ ሰው እስኪቀር ድረስ መጠበቅ አለበት?

ሌላ አገር ይህን ነገር ለአጋጣሚ አይተዉትም። ጆይ አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ2003 በኢንዶኔዥያ ባሊ የተወለደ ልጅ ነው። 6 ዓመት ሲሞላው አባቱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ገዛለት። ልጁ ከአባቱ የጃዝ ስብስብ እየሰማ የቴሎኒየስ መንክን ዜማዎች በጆሮው ብቻ ያወጣ ጀመር። በአካባቢው የጃዝ ትምህርት ቤት ስላልነበረ የተማረው በባሊና በጃካርታ ከአዋቂ ሙዚቀኞች ጋር አብሮ እየተጫወተ ነው። ከዚያ ኒውዮርክ የሚገኘውን የጃዝ አት ሊንከን ሴንተር ኦርኬስትራ የሚመራው ዊንተን ማርሳሊስ ልጁ ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ በዩቲዩብ አየ። እ.ኤ.አ. 2014 ለተቋሙ ዓመታዊ የክብር ምሽት ጋበዘው። ልጁ 10 ዓመቱ ነበር፤ አዳራሹ ሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት። በ12 ዓመቱ ለግራሚ ሽልማት በሁለት ዘርፍ ታጨ።

የተአምር ታሪክ ይመስላል፤ ብዙ ጋዜጦችም በተአምርነቱ ነው የጻፉት። የበለጠ የሚያስቀናው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. 2016 ያው ኦርኬስትራ ለፒያኖ ብቻ የተዘጋጀ ኮንሰርት አቀረበ፤ በቀጣዩ ዓመትም በአልበም ወጣ። እየተፈራረቁ ከተጫወቱት ፒያኒስቶች አንዱ የ13 ዓመቱ ጆይ ሲሆን ሌላው የ89 ዓመቱ ዲክ ሃይማን ነበሩ። በመካከላቸው የ76 ዓመት ልዩነት አለ። አዛውንቱ ከጥንቱ የጃዝ ዘመን የወረሱትን አጨዋወት ልጁ በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ፣ ግራ እጃቸው እንዴት እንደሚዘል እያየ ሊወስድ ይችላል። በዚያው መድረክ ኢሳያ ቶምፕሰን የሚባል ገና ተማሪ የነበረ ወጣትም ነበር። ተቋሙ በየዓመቱ ታኅሣሥ የሚያቀርበው የፈረንጆች በዓል ኮንሰርትም አለው፤ ሕዝቡ በልጅነቱ የሚያውቃቸው የገና መዝሙሮች በአዲስ ቅንብር ይቀርቡበታል። ልብ በሉ፤ እዚያም ሰው የሚመጣው የሚያውቀውን ዜማ ፈልጎ ነው። ግን የሚያውቀውን ዜማ በማያውቀው እጅ ይሰማዋል።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው» ይባል ይሆናል። አላቸው። ግን አብሮ ለመጫወት የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ገንዘብ አይደለም።

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ እንይ። አንጋፋው ዘፋኝ ዝነኛ ዘፈናቸውን ሸክላ ያስቀረጹት በ30 ዓመታቸው ነው እንበል። ወጣቱ ፒያኒስት ያንን ሸክላ በዩቲዩብ መቶ ጊዜ ሰምቶ፣ እያንዳንዷን ድምፅ አጥንቶ ወደ ልምምድ ይመጣል። ዘፋኙ ግን ዛሬ 80 ሞልቷቸዋል፤ ድምፅ ከዕድሜ ጋር ይወርዳል። ስለዚህ ሙዚቀኞች «ኪይ» የሚሉት የዜማው መነሻ ከፍታ ዝቅ ማለት አለበት። ኪቦርድ ላይ «ትራንስፖዝ» የምትባል ቁልፍ አለች፤ ሁለቴ ጫን ሲሏት መሣሪያው ራሱ ያወርደዋል፤ ጣት የለመደውን ይጫወታል። ፒያኖ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። ልጁ ዘፈኑን በሌላ መነሻ እዚያው ቁጭ ብሎ እንደገና ማሰብ አለበት፤ ደግሞ ዘፋኙ በልምምድ ቀን ያሉትንና በመድረክ ሌሊት ድምፃቸው የፈቀደላቸውን ኪይ ሊለዋውጡ ይችላሉ። ይህን አንድ ጊዜ ያለፈበት ልጅ ዘፈኑን ያውቀዋል። በአንዲት ቁልፍ ያለፈው ሰምቶታል እንጂ አያውቀውም።

የቅኝቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይረቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ፒያኖ በአንድ ስምንዮሽ ውስጥ 12 ድምፅ ይዞ፣ በአውሮፓ ልክ ተቃኝቶ የሚመጣ መሣሪያ ነው። ማሲንቆ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለችውን ድምፅ ያወጣታል፤ ፒያኖ አያወጣትም። ስለዚህ ተጫዋቹ አጎራባች ቁልፎችን ፈጥኖ ዳሰስ አድርጎ በማለፍ፣ ያቺ ድምፅ ያለች እንዲመስል ያደርጋል። በመጋቢት 2015 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተቀዱ ሥራዎች ይህን ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ክፍት ናቸው። የጃዝ ኮርድ ሲጨመር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። አንቺ ሆዬ ላይ ኮርዱ ትንሽ ከበዛ አንቺ ሆዬነቱ ይጠፋል፤ ካነሰ ጃዝነቱ የለም። ሙላቱ አስታጥቄ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲመዝኑት የኖሩት ይህንኑ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጣት ያፍታታል፣ ኖታ ያስነብባል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የት ላይ ዝም እንደሚባል ግን ከጎን የተቀመጠ ሰው በዓይኑ ነው የሚነግረው።

ሙላቱ ራሳቸው ከዚህ ዕድል ቀምሰዋል። እ.ኤ.አ. 1973 ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዳቸው አዲስ አበባ ሲመጡ አንጋፋው 74 ዓመታቸው ነበር፤ ሙላቱ 30 አልሞላቸውም። በእንግድነት አብረዋቸው መድረክ ላይ ሠሩ። ኤሊንግተን በቀጣዩ ዓመት ሞቱ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ የኪቦርድ ተጫዋች ስም አለመጠራት በዚህ አገር ምን እንዳስከፈለ አንድ ሁለት ምሳሌ ይታወሳል። ኃይሉ መርጊያ በዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ሰው ነበሩ፤ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ሒልተን የሰዓት እላፊውን ምክንያት አድርጎ ሕዝቡ እስኪነጋ ሲጨፍር ከኪቦርዱ ጀርባ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. 1981 ባንዱ ለጉብኝት አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀሩ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዱ። በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. 2013 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ የድሮ ካሴታቸውን እንደገና ሲያወጣው ዓለም አወቃቸው። ከዚያ በፊት ታክሲያቸው ውስጥ ስንት ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ገብቶ ወጥቶ ይሆን፣ በፊቱ የተቀመጠው ሰው ያስጨፈረው ሰው መሆኑን ሳያውቅ?

ግርማ በየነም በዚያው ጉዞ ከቀሩት አንዱ ናቸው። ዘፋኝም ፒያኖ ተጫዋችም ሲሆኑ በተለይ አቀናባሪ ነበሩ፤ ሰው ዛሬ «የእገሌ ዘፈን» እያለ ከሚወዳቸው ሸክላዎች ስንቱ የእሳቸው እጅ ያለበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሙዚቃ ርቀው ብዙ ዘመን አሳለፉ። እ.ኤ.አ. 2017 እንደገና አልበም ያወጡት አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳዮች ባንድ ጋር ነው። ወጣቶቹ ፈረንሳዮች ከአንጋፋው ጎን ተቀምጠው ተማሩ። ይህ ለፈረንሳዮቹ ምስጋና ነው። ለአዲስ አበባ ግን ምን እንደሆነ ለመናገር ያሳፍራል።

በእርግጥ የተቃውሞው ሐሳብ ቀላል አይደለም፤ ንቆ ማለፍም አይገባም። በዓል ነው። ሰው ዶሮውን በልቶ፣ ቤተሰቡን ይዞ፣ በዚህ ኑሮ ከኪሱ አውጥቶ ከፍሎ የመጣው ሊጨፍር ነው። የ20 ዓመት ልጅ ፒያኖ ላይ ሲፈላሰፍ ሊያይ አይደለም። አዘጋጁም አዳራሽ ተከራይቶ፣ የድምፅ መሣሪያ ተከራይቶ፣ ለዘፋኝ ቀብድ ከፍሎ ነው የቆመው። በ2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከታገደ ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎች እጅ አጥሯል፤ ስፖንሰር እንደ ድሮው አይገኝም። በዚህ መሃል ማንም ያልሰማበትን ልጅ ስም ፖስተር ላይ መጻፍ አንድ ትኬት አይሸጥም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለው ተረት አፍ አውጥቶ ባይነገርም ውስጥ ውስጡን ይሠራል።

ግን ማንም ምሽቱን ለጃዝ ይስጥ አላለም። አንድ ዘፈን ነው። አሥር ደቂቃ ነው። ሕዝቡም እንደሚታማው አይደለም። የዋልያስ «ሙዚቃዊ ስልት» ቃል የለውም፤ ማንም አይዘፍንበትም። ዛሬም የትም ቤት ሲከፈት ግን ሰው ከወንበሩ ይነሳል። መሣሪያ ብቻ ሲጫወት የአበሻ ጆሮ አይታገሥም የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ምናልባት የመጣው ከቴሌቪዥኑ የበዓል ዝግጅት ነው። እዚያ አብዛኛው ነገር ቀደም ብሎ ተቀርጾ ዘፋኙ በተቀዳ ድምፅ ላይ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ኪቦርዱም ሶኬት ላይ ሳይሰካ ጣት ይሮጥበታል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ፒያኒስት አያስፈልግም። ሶሎ የሚባል ነገርም አይኖርም፤ የተቀዳው ካለፈ አለፈ።

መፍራት ካስፈለገ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ ለትርዒት መቅረቡ። «ይህን ብላቴና ተመልከቱ» ተብሎ፣ ጥበብ ልብስ ለብሶ፣ አንድ የተጠናች ነገር ተጫውቶ፣ ከአንጋፋዎቹ ጋር ፎቶ ተነስቶ ይወርዳል። በማግስቱ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይዞራል። ጆይ አሌክሳንደር ላይም ይህ ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ ጭብጨባው ለሙዚቃው ነው ወይስ ለዕድሜው የሚሉ ነበሩ። ልጁን ያዳነው በየምሽቱ ከሚበልጡት ጋር መጫወቱ ነው። ከሚበልጡት ጋር የሚጫወት ሰው ለመኮፈስ ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ነገሩ ከልምምዱ ይጀምራል። አንጋፋው በመኪና መጥተው፣ አንድ ጊዜ ዘፍነው፣ ሻይ ጠጥተው የሚሄዱበት ልምምድ ለማንም አይጠቅምም። ልጁ እሳቸው ባሉበት ሁለት ሦስት ጊዜ መሳሳት አለበት። መሣሪያው ፒያኖ ይሁን፤ ትልልቆቹ ሆቴሎች መግቢያቸው ላይ አበባ ማስቀመጫ ያደረጓቸው ፒያኖዎች አሏቸው፣ የሚያስቃኛቸው ጠፍቶ ነው እንጂ። ክፍያ ደግሞ ይኑር። ወጣት ሙዚቀኛን «ልምድ ታገኛለህ፣ ስምህ ይወጣል» ብሎ በታክሲ ብር መሸኘት የቆየ ልማድ ነው፤ ስሙም አይወጣም። እውነት ስሙ ፖስተሩ ላይ ከወጣ እኮ ያ ራሱ ከፊል ክፍያ በሆነ።

ይህ ሁሉ በአገሩ ያልታየ ነገርም አይደለም። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክትን ሲመሠርት አንጋፋውን የማንዶሊን ሰው አየለ ማሞን ከጎኑ አስቀምጧል፤ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ዜማዎች በአዲስ እጅ ተሰሙ። ፒያሳ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባም ወጣትና አንጋፋ በአንድ መድረክ የሚታዩበት ቤት ነበር። በጥር 2007 ሆቴሉ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። ሳሙኤል ይርጋ ገና በወጣትነቱ እ.ኤ.አ. 2012 «ጉዞ» የተሰኘውን የፒያኖ አልበሙን ሲያወጣ አሳታሚው የእንግሊዙ ሪል ወርልድ ነበር። ልጆቹ አሉ ማለት ነው። የጎደለው ወንበር ነው።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ አይጠብቁም። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በ2001 የፋሲካ ዕለት ነው። የሳክስፎኑ ጌታቸው መኩሪያ በ2008 ሄደ። ዓለማየሁ እሸቴ በ2013 ጳጉሜን ሊገባ ቀናት ሲቀሩት አረፈ፤ የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ ላይ ዘፈኖቹ በየሬዲዮው ተከፈቱ። ከእነሱ ጋር አንድ ምሽት ተጫውቶ «እዚህ ጋ ቆም በል» የተባለ ልጅ ካለ፣ እሱ ዛሬ ለሌላው ይነግራል። ካልተባለ የሚቀረው ሸክላው ነው።

የሚቀጥለው በዓል አዘጋጆች አዳራሽ ማስያዝ ጀምረው ይሆናል። ዘፋኞቹም በስልክ እየተነጋገሩ ነው፤ ቀብድ ያልተቀበለ ካለ ይቀበላል። ፖስተሩ ግን ገና ዲዛይነሩ ጋ አልደረሰም። ከባንዱ ስም ሥር፣ ከስፖንሰሮቹ አርማ በላይ፣ የአንድ ሰው ስም የምትበቃ ቦታ ሁልጊዜም አለች።